የጀርመን የጦርነት ዘመን የደንብ ልብስ ምልክቶችን ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ኅዳር አንድ ወጣት ወዳጄ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሲመለስ ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳ ሳንለዋወጥ «ጋሼ፣ አላበራም!» አለኝ። ምኑ ነው ያላበራው ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ይህችን ቃል በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ከብዙ ጀማሪዎች አፍ ሰምቻታለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ወታደሮች እጅጌያቸው ላይ ያሰፉት ከነበረው ጥብጣብ አንዱን አግኝቶ፣ የአልትራቫዮሌት መብራት አብርቶበት፣ ክሩ ስላላንጸባረቀ እውነተኛ ነው ብሎ ደምድሟል። ገንዘቡንም ከፍሏል።

እኔ የጨርቃ ጨርቅ ጠጋኝ ነኝ። እዚህ ጀርመን አገር ቤተ መዘክሮችና ግለሰቦች ያረጀ ባንዲራ፣ የቤተ ክርስቲያን አልባሳትና የደንብ ልብስ ሲያመጡልኝ አጸዳለሁ፣ እጠግናለሁ፤ ከሥራው ጋር ተያይዞም «እውነተኛ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው በናዚ ዘመን ምልክቶች ላይ ከሌላው ሁሉ ይበዛል፤ ምክንያቱም ገንዘብ አለበት። የመዳፍ ስፋት የሌለው ጨርቅ የወር ደሞዝ ሲያወጣ ይታያል፤ ሐሰተኛውን ለመሥራት ግን የሚያስፈልገው ጥቂት ክርና ግማሽ ቀን ነው። ቤተ መዘክር ገብቶ የተቀመጠ ሐሰተኛ ዕቃ ደግሞ ሐሰተኛ ታሪክ እየተረከ ይኖራል። እንግዲህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች፣ ከነራሴ ስህተት፣ ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መብራትን ዳኛ አድርጎ መሾም

ጨርቅን ነጭ አስመስለው የሚያሳዩ፣ ዓይናችን የማያየውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ተቀብለው ሰማያዊ አድርገው የሚመልሱ ኬሚካሎች አሉ። ዛሬ በልብስ ሳሙና ውስጥ ሁሉ ይገኛሉ፤ በሰፊው የተሠራጩት ግን ከጦርነቱ በኋላ ነው። ስለዚህ በጨለማ ክፍል ውስጥ መብራቱ ሲያርፍበት አዲስ እንደ ታጠበ ነጭ ሸሚዝ ቦግ የሚል ክር ከ1945 በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል የሚለው ጥርጣሬ መሠረት አለው። ስህተቱ ጥርጣሬውን ገልብጦ «ካላበራ እውነተኛ ነው» ማለት ነው።

ካላበራ አንጸባራቂው ኬሚካል የለበትም፤ ከዚህ ያለፈ ትርጉም የለውም። እንዲህ ያለ ኬሚካል ያልነካው የጥጥ፣ የሱፍ፣ ሌላው ቀርቶ የፖሊስተር ክር ዛሬም በየሱቁ ይሸጣል። ሐሰተኛውን የሚሠሩት ሰዎች መብራቱን ከእኛ ቀድመው ገዝተዋል፤ የሚሸጡትን ዕቃ መጀመሪያ የሚፈትኑትም እነርሱ ናቸው። በአንጻሩ እውነተኛው ኮት ከጦርነቱ ሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ በአንዲት ጥንቁቅ የቤት እመቤት እጅ በዘመናዊ ሳሙና ታጥቦ ከሆነ ክሩ ያበራል፤ ማብራቱም የሚመሰክረው ስለ ሳሙናው እንጂ ስለ ክሩ አይደለም። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ እንዲህ ያሉ ኬሚካሎች በ1940 አካባቢ በራሷ በጀርመን፣ ኢ.ጌ. ፋርበን በተባለው የኬሚካል ድርጅት እጅ ነበሩ። መብራቱም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም፦ 395 ናኖሜትር ላይ የሚሠራው ርካሽ የእጅ ባትሪ ያገኘውን ሁሉ ሐምራዊ ቀለም ስለሚያለብሰው ማን እንዳበራና ማን እንዳላበራ መለየት ያስቸግራል፤ ለዚህ ሥራ የሚሆነው 365 ናኖሜትር ያለው ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው መብራቱን እንደ አንድ ምስክር ይሰማዋል፤ የማያውቀው ፍርዱን ለአምስት ዩሮ ባትሪ ይሰጣል።

መብራት ከሌሎች ምስክሮች ጋር ሲሰለፍ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ዝነኛ ጉዳይ አለ። በ1983 ሽተርን የተባለው የጀርመን መጽሔት የሂትለርን የዕለት ማስታወሻ ደብተሮች አገኘሁ ብሎ ለዓለም ባወጀ ጊዜ የፌዴራሉ ቤተ መዛግብት ያስደረገው ምርመራ በወረቀቱ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ላይ የዋለ አንጸባራቂ ኬሚካል፣ በጥራዙ ውስጥ ደግሞ ፖሊስተር አገኘ። ደብተሮቹን የጻፈው ኮንራድ ኩያው በሽቱትጋርት የጦር ዘመን ቅርሳ ቅርስ የሚነግድ ሰው ነበር፤ ማለትም እኛ ከምንመረምራቸው ዕቃዎች ገበያ የወጣ። ከኬሚካሉ ሌላ ክሩም፣ ይዘቱም አብረው መሰከሩበት።

ወደ ወዳጄ ጥብጣብ ልመለስ። ማታ ይዞልኝ መጣ፤ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁትና ከዳሩ ቀድሞውኑ ተመዝዛ የወጣች ጭራሮ የምታህል ክር በመቆንጠጫ ይዤ ቆረጥኳት። ጥጥና ሬዮን (ከእንጨት የሚሠራ ሐር መሰል ክር) እሳት ሲነካቸው እንደ ወረቀት ነድደው፣ በጣት ሲነኩ የሚበን አመድ ይተዋሉ፤ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ይህቺ ግን እሳቱ ገና ሳይደርስባት ተኮማተረች፣ ቀለጠች፣ ጫፏም ላይ በጥፍር የማይደቅ ጥቁር ጠብታ ቀረ። ፖሊስተር በእንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው በ1941 ነው፤ ለገበያ የበቃውም ከጦርነቱ በኋላ በመሆኑ በጀርመን ወታደር እጅጌ ላይ የሚገኝበት መንገድ የለም። ልጁ ጠብታዋን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና «ግን እኮ አላበራም» አለ።

በነገራችን ላይ የእሳቱ ፈተና የራስዎ በሆነ ዕቃ ላይ፣ ያውም ቀድሞ በተመዘዘ ክር ብቻ የሚደረግ ነው። ሻጭ ፊት ላይተር የሚያወጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ከገበያው ቢያባርሩት አይፈረድባቸውም።

ፊቱን ብቻ ማየት

ሽሮ ሜዳ ወርዳ ጥበብ የምትገዛ እናት ጥለቱን ሳትገለብጥ ዋጋ አትጠይቅም። በሸማኔ እጅ የተሠራውንና በማሽን የታተመውን የሚለየው ጀርባው መሆኑን ማንም ሳያስተምራት ታውቃለች። የእኛ ልጆች ይህን ከቤታቸው ይዘው ወጥተው ጀርመን አገር ሲደርሱ የሚረሱት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የጀርመን መለያ የሆነው ንስር ያምራል ወይ፣ ፊደሉ ቀጥ ብሏል ወይ እያሉ ፊቱን ሲያገላብጡ ይውላሉ፤ ሐሰተኛውን የሠራው ሰው ግን ከሁሉ አብልጦ የደከመው ፊቱ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን ምልክቶቹ የሚሠሩት በዋናነት በሦስት መንገድ ነበር፤ በሽመና፣ በማሽን ጥልፍ እና በእጅ ጥልፍ። በሽመና በተሠራው ላይ ንስሩም ፊደሉም የጨርቁ የራሱ ድርና ማግ ናቸው፤ ጀርባውን ሲያዩ ፊት ላይ ያልተፈለገው ክር ወደ ኋላ ተወርውሮ የሥዕሉን ግልባጭ ይሠራል። ሰብሳቢዎች ይህን ዓይነቱን በጅምላ «ቤፎ» ይሉታል፤ ቤፎ ግን ቩፐርታል በምትባል የጀርመን ከተማ የነበረ አንድ የጥብጣብ ፋብሪካ ስም እንጂ የሽመና ዓይነት አይደለም፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም ይሸምኑ ነበር። በጥልፍ በተሠራው ላይ መርፌው ጨርቁን ወግቶ አልፏል፤ ስለዚህ ከጀርባ ሁለተኛው ክር፣ ማጠንከሪያው ሸራ ወይም ስስ ጨርቅ ይታያል። የመኮንኖቹ የእጅ ጥልፍ ደግሞ በአሉሚኒየም ሽቦ የተሠራ ሲሆን አሉሚኒየም ሲያረጅ ደብዝዞ ግራጫ ይሆናል። አረንጓዴ ዝገት ካዩ የያዙት ብር መልክ የተቀባ መዳብ ነው። ዛሬ ከሚሠራው የሽቦ ጥልፍ ብዙው ሲያልኮት ከምትባለው የፓኪስታን ከተማ ይወጣል፤ የዚያች ከተማ ጠላፊዎች ለብዙ አገር ሠራዊት በግልጽ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሐሰቱ የሚጀምረው ዕቃው አውሮፓ ደርሶ ያረጀ እንዲመስል ሻይ ውስጥ ሲነከር ነው።

አንድ ለዓይን የሚመች ምሳሌ ልስጥ። የተለመደው የኤስ ኤስ (የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ድርጅት) የእጅጌ ጥብጣብ 28 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥቁር የሬዮን ሽመና ሲሆን ላይና ታች ዳሩን ይዞ የሚሮጠው የብር መልክ መስመር ከሰባት የአሉሚኒየም ክሮች የተሠራ ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይዘው ይቁጠሯቸው። ስድስት ወይም ስምንት ከሆኑ፣ ወይም አንዱ ከአንዱ የማይለይ አንድ ወጥ ንጣፍ ከሆኑ፣ ስለ ፊደሉ ማማር መነጋገር ጊዜ ማጥፋት ነው። ሰባት ሆነው ቢገኙም ምርመራው ገና ተጀመረ እንጂ አላለቀም።

ታሪኩን መግዛት

«አያቴ ከግንባር ያመጣው ነው» የሚል ሰው ሁሉ ውሸታም አይደለም፤ አደገኛነቱም ከዚህ ይመነጫል። የአሜሪካ ወታደሮች በ1945 የማረኳቸውን ዕቃዎች በብዛት ወደ አገራቸው እንደ ላኩ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ወታደሩ ከሞተ በኋላ ሻንጣው ሲከፈት በውስጡ ያለው ሁሉ በ1945 የገባ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ሰውየው በቀሪው ዕድሜው ሰብሳቢ ሆኖ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ የለም። በ1960ዎቹና 1970ዎቹ ለሰብሳቢዎች የተሠሩት ቅጂዎች ደግሞ ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ አርጅተዋል፤ አቧራቸው እውነተኛ አቧራ፣ የብላቸው ቀዳዳም እውነተኛ የብል ቀዳዳ ነው።

አንድ ጊዜ በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያሉ አንዲት የተከበሩ እመቤት የባላቸውን የእግረኛ ጦር ኮት አመጡልኝ። ኮቱ እንከን የለሽ እውነተኛ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለው ንስር ግን ከጥልፉ ጀምሮ የማይሆን ነበር። ስነግራቸው አልተቆጡም። ጥቂት አስበው፣ ምርኮ ሲገባ ምልክቶቹን በሙሉ እንደ ቆረጡበት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የጓዶቹ ስብሰባ ሊኖር ሲል ንስሩን ከአንድ ሱቅ ገዝቶ እርሳቸው ራሳቸው እንደ ሰፉለት አስታወሱ። እንግዲህ እዚህ ቤት ማንም አልዋሸም። ታሪክ ለመስማት ደስ ይላል፤ ዋጋ የሚከፈለው ግን ለጨርቁ ነው።

ምልክቱንና ኮቱን ለየብቻ መመርመር

ከሁሉ የሚከብደው ሐሰት እውነተኛ ኮት ላይ እውነተኛ ምልክት ትናንት የተሰፋበት ነው። ተራ ኮት በአንድ ብርቅ ምልክት ዋጋው ስለሚባዛ ይህን የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ዕቃዎቹ ለየብቻቸው ቢፈተኑ ያልፋሉ። እዚህ መጠየቅ ያለበት አብረው ኖረዋል ወይ የሚለው ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ምልክት የተሰፋበት ሱፍ ከምልክቱ ሥር ፀሐይ ስላላገኘው ቀለሙ ይደምቃል፤ የምልክቱን ጠርዝ በቀስታ ቀና አድርገው የሥሩን ጥላ ከምልክቱ ቅርጽ ጋር ያስተያዩ። ጥላው የማይገጥም ከሆነ፣ ወይም ከስፌቱ ውጪ የሌላ ስፌት የመርፌ ቀዳዳዎች ተሰልፈው ከታዩ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ነገር ነበረ። ብልም ጥሩ ምስክር ነው፤ ሲበላ የምልክቱን ሱፍና የኮቱን ሱፍ አይለይም። ኮቱ ወንፊት ሆኖ ምልክቱ ብቻ ጤነኛ ሲሆን እኔ እጠራጠራለሁ።

ቦታውንም ይወቁ። የምድር ጦሩ ንስር ቀኝ ደረት ላይ፣ የቫፈን ኤስ ኤስ፣ ማለትም የኤስ ኤስ ተዋጊ ጦር፣ ንስር ግራ ክንድ ላይ ነው። ግሮስዶይችላንድ የተባለው የጦር ክፍል ጥብጣብና በ1941 የወጣው የአፍሪካኮርፕስ፣ ማለትም በሰሜን አፍሪካ የተዋጋው የጀርመን ጦር፣ ጥብጣብ ቀኝ እጅጌ ላይ ሲሰፉ፣ የዘመቻ መታሰቢያ የሆኑት ክሬታና አፍሪካ የሚሉት ግን ግራ እጅጌ ላይ ናቸው። ወታደርም ሰው ነውና የተሳሳተ አይጠፋም፤ ነገር ግን ለክፍል የሚሰጠውንና ለዘመቻ የሚሰጠውን ጥብጣብ ያምታታው አብዛኛውን ጊዜ ወታደሩ ሳይሆን ሻጩ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በራሱ ባልተጣራ ናሙና ማመሳከር

ጀማሪ ምስል ይፈልጋል፤ በኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው ምስል ደግሞ ግማሹ የሻጮች ነው። ሐሰተኛውን ከሐሰተኛው ጋር አስተያይቶ «ቁርጥ አንድ ናቸው» ይላል፤ በእርግጥም አንድ ናቸው፣ ከአንድ ማሽን ወጥተዋላ። ይህ ጀማሪን ብቻ የሚጥል ጉድጓድ አይደለም። ከላይ ባነሳሁት የ1983 ጉዳይ የእጅ ጽሑፍ ባለሙያዎች ደብተሮቹን ሲያረጋግጡ ለማመሳከሪያ ከተሰጧቸው የሂትለር ጽሑፎች ውስጥ ኩያው ራሱ የፈበረካቸው ነበሩበት፤ ኩያውን ከኩያው ጋር አስተያይተው እውነት ነው አሉ። በደብተሩ ሽፋን ላይ ደግሞ የአዶልፍ መነሻ ፊደል መሆን በነበረበት ቦታ፣ ጎቲክ በሚባለው የቆየ የጀርመን ፊደል አጣጣል ስለሚመሳሰሉ፣ ኤፍ ተለጥፎ ነበር። ስንት የተማረ ሰው አይቶት አለፈ!

የማመሳከሪያ ናሙና ከየት እንደ መጣ የታወቀ መሆን አለበት፤ በ1945 ተመዝግቦ ቤተ መዘክር የገባ ልብስ ወይም የዘመኑ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ይሻላል። ተቃራኒውም ስህተት አለ፦ መጽሐፍ ላይ ካለው ምስል ስለ ተለየ ብቻ ሐሰተኛ ነው ማለት። የግሮስዶይችላንድ ጥብጣብ ፊደል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከጎቲክ ወደ ዙተርሊን የእጅ ጽሕፈት ተቀይሯል፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሌላውን ያለ ጥፋቱ ይኮንነዋል።

«የጦርነቱ ማብቂያ ስለ ነበር ነው» ማለት

ይህ የእኔ ስህተት ነው። ኩርላንድ የሚለው የእጅጌ ጥብጣብ በ12 ማርች 1945 ተፈቀደ፤ ጦርነቱ በ8 ሜይ አበቃ። በዛሬዪቱ ላትቪያ ምድር ተከብቦ ለቀረው ጦር የታሰበ ሲሆን እዚያው ከበባው ውስጥ፣ ኩልዲጋ በምትባል ከተማ፣ በተገኘው ክርና ማሽን ተሸመነ፤ በአንድ በኩል የመስቀል ጋሻ፣ በሌላው በኩል ሚታው የምትባለው ከተማ አርማ የሆነው የአጋዘን ራስ አለበት። እንግዲህ ችኮላ፣ እጥረት፣ ከበባ፤ ለአንድ ሐሰተኛ ዕቃ ከዚህ የሚመች ሰበብ ከየት ይገኛል?

እኔ የገዛሁት ፊደሎቹ በሽመና ፋንታ በጥልፍ የተሠሩ ነበሩ። አየሁት። መርፌው ከፊደል ወደ ፊደል ሲሻገር ጀርባው ላይ የተወውንም ክር አየሁ። ለሰው የምመክረውን ሁሉ አይቼ ካበቃሁ በኋላ ግን «እንግዲህ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ናቸው፣ ያገኙትን ሠርተው ይሆናል» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የክሩ ውፍረት ከጫፍ እስከ ጫፍ አለመዛነፉ፣ ከበባ ውስጥ ያለ ፋብሪካ ሊያገኘው የማይችለው ጥራት መሆኑ የገባኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። እጥረት ያለበት ፋብሪካ ርካሽ ክር ይጠቀማል፣ ቀለም ይሳሳበታል፣ ጠርዝ ይወላገድበታል፤ የሽመና ማሽኑን ጥሎ የጥልፍ ማሽን አይፈጥርም። ድህነት ሥራውን ያጎድለዋል እንጂ የሥራውን ዓይነት በአንድ ሌሊት አይለውጠውም።

ጥቂት ትናንሽ ስህተቶች

ዚግዛግ ስፌት ያለበትን ሁሉ ሐሰተኛ የሚሉ አሉ፤ ፋፍ 130 የተባለው የጀርመን የቤት ስፌት መኪና በ1930ዎቹ ዚግዛግ ይሰፋ ነበር።

አር ጼት ኤም የሚል የወረቀት ምልክት ጀርባው ላይ ስለ ተለጠፈ ብቻ አይመኑ። ምልክቱ የናዚ ፓርቲ የዕቃ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት መለያ በመሆኑ ኤስ ኤስንና የፓርቲውን ድርጅቶች ይመለከታል፤ በምድር ጦር ንስር ላይ ተለጥፎ ካገኙት እንዲያውም ከሳሽ ነው። ወረቀት ማተም ደግሞ ከሽመና ይቀላል።

አያጥቡ። «ትንሽ ላጽዳው ብዬ ነው» ተብሎ የመጣልኝ ዕቃ ሁሉ ማስረጃው አብሮ ታጥቧል፤ ከላይ የነገርኩዎት የማብራት ጣጣም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጀርመን አገር የምትኖሩ፣ ስዋስቲካ ያለበትን ፎቶግራፍ «እውነተኛ ነው?» ብላችሁ በፌስቡክ አትልቀቁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 86ሀ የእነዚህን ምልክቶች በአደባባይ መታየት ይከለክላል፤ ለትምህርትና ለምርምር የሚሆን ልዩ ሁኔታ ቢኖርም ለፖሊስ ማስረዳቱ የእናንተ ድርሻ ይሆናል። የዕቃ ትርዒት ላይ ሻጮች ምልክቱን በወረቀት ሸፍነው የምታዩት ለዚህ ነው።

የኩርላንዱን ጥብጣብ አልጣልኩትም፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ለጀማሪዎች መፈተኛ ሆኗል። ባለፈው ወር ያ «አላበራም» ያለኝ ልጅ መጥቶ አወጣሁለት። መብራቱ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አላወጣውም። ጥብጣቡን ገለበጠ፣ ማጉያ መነጽሩን አስጠግቶ በፊደሎቹ መካከል የሚሻገረውን ክር በጥፍሩ ጫፍ ተከተለው፣ ከዚያም ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ይህን ግን ስንት ገዙት?» አለኝ። አልነገርኩትም።